የባሌ ድምፅና ማንቆርቆሪያው

ባሌ የአውቶቡስ ጣቢያ ለፋፊ ነው። የመስታወት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሳ በድምፅ ማጉያ ይናገራል። ሥራውን ሲጀምር ጠጉሩ ጥቁርና ሙሉ ነበር፤ ዛሬ ከጥቁረቱም ከሙላቱም የተረፈ የለም። ድምፁ ግን እስከ አምና ድረስ ያው ነበር። ገበያ ወጥተን "ይህ ቲማቲም የዛሬ ነው?" ብሎ ሲጠይቅ፣ ሻጮቹ አውቶቡስ የሚያመልጣቸው ይመስል ብድግ ይላሉ።

ዘንድሮ ደረቁ ወቅት ሲገባ ያ ድምፅ ተሰነጠቀ። ጠዋት ሲነሳ ከንፈሩ ተላልጦ፣ አፍንጫው ውስጥ ደም ደርቆ፣ ጉሮሮው ተከርክሮ ነው። ሐኪሙ መርምሮ በሽታ የለብዎትም አለው። "አፍዎን ከፍተው ነው የሚተኙት፣ የመኝታ ክፍልዎ አየር ደግሞ ደርቋል። ሌሊት የደረቀ ጉሮሮ ላይ ቀን ሲጮሁበት ይውላሉ። አየሩን ያርጥቡት፣ ድምፅዎንም ይቆጥቡ።"

ባሌ ከሁለቱ ምክር የሰማው የኋለኛውን ብቻ ነው። ድምፁን ቆጠበ። ግን ከማን ቆጠበው? ከእኛ። የጣቢያው አለቃ "ድምፅህ ከጠፋ የተቀዳ ድምፅ በማሽን እናስገባለን" ብሎ ስላስፈራራው፣ የቀረችውን ጭላጭ ለመንገደኛ አስቀምጦ ቤት ሲገባ ዲዳ ሆነ። ውሃ ሲፈልግ ብርጭቆ ያነሳል። መብራት እንዲጠፋ ሲፈልግ ጣቱን ወደ ጣሪያ ይቀስራል። ስቆጣው ትከሻውን ይሰብቃል። ትከሻውን ከሚሰብቅ ሰው ጋር ተጣልታ የምታውቅ ሴት ካለች ታውቀዋለች፤ ጠብ አይባል፣ እርቅ አይባል።

እኔስ ይሁን፣ ዓይን አለኝ፣ ምልክቱን አያለሁ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ግን ዓይናቸው ደክሟል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊት አይለዩም፤ ቤት ውስጥ የሚሄዱት ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ነው። ለእሳቸው ልጃቸው ማለት ድምፁ ነው። ማታ በሩ ሲንቀሳቀስ "መጣ?" ይሉኛል። "መጥቷል እማማ" እላለሁ። እሱም ሄዶ እጃቸውን ይይዛል። እጁን ይዘው ይዳብሱትና "ይህ እጅ እኮ የማንም ሊሆን ይችላል" ይላሉ። እንደ ቀልድ ነው የሚሉት። አንድ ቀን ይህን ሲሉ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ፊቴን ታጠብኩና ወሰንኩ፤ ያ ድምፅ ወደዚህ ቤት ይመለሳል። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። እኔን የወሰደኝ ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ነው።

"ምን ልርዳዎት እናት?" አለችኝ ሻጯ። እናትነቴ ፊቴ ላይ መነበቡ ብዙ ባያስደስተኝም ችዬ ሐኪሙ ያለውን ነገርኳት። ሁለት ዓይነት አየር ማርጠቢያ ፊቴ አስቀመጠች።

"ይሄኛው ውሃውን ሳያሞቅ ነው ቀዝቃዛ ጉም የሚያወጣው" አለች። "መብራት አይበላም፣ ቢነኩትም አያቃጥልም። ግን የቧንቧው ውሃ ጨው ከበዛበት ነጭ ብናኝ ዕቃ ላይ ይበትናል። በደንብ ካልታጠበም ውስጡ ያለውን ቆሻሻ ሁሉ አየር ላይ ይረጨዋል። ያኛው ደግሞ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍልቶ ነው እንፋሎት የሚሰጠው። ብናኙ እዚያው ይቀራል፣ ጀርሙም ይሞታል። ግን መብራት ይበላል፤ ከተገለበጠ ያቃጥላል። ቤት ውስጥ ማን ማን አለ?"

"ዓይናቸው የደከመ እናት አሉ።"

"እንግዲያው ቀዝቃዛውን ይውሰዱ።"

ልጅቷ የመከረችኝ ደህና ምክር ነው። እኔ ግን ልብስ ተኳሽ ነኝ። ዕድሜዬን የላውንደሪ ካውያ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ያልፈላ ውሃ አላምንም። የእኛ ቤት ቧንቧ ድስት ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት በቢላ እየፋቅኩ የኖርኩ ሴት፣ ያንን ነገር ባሌ ሲተነፍሰው እንዲያድር አልፈቅድም። "ሞቃቱን ስጪኝ። እማማን እኔ እጠብቃለሁ" አልኳት። ካሉት ሁሉ መቀመጫው ሰፊ የሆነውን፣ ክዳኑ የሚቆለፈውን፣ ውሃ ሲያልቅ ቀይ መብራት አብርቶ ራሱን የሚያጠፋውን መረጥኩ። የእጅ ሰዓት የምታክል የእርጥበት መለኪያም ጨመረችልኝ። "መመሪያውን ያንብቡት" ስትለኝ ሳቅኩባት። ስለ እንፋሎት ለእኔ?

ቤት ስደርስ አማቴ ካርቶኑን ደባበሱት። "ምን ገዛሽ?"

"አየር የሚያረጥብ ነው እማማ። ውሃ ያፈላል።"

"ማንቆርቆሪያ ለአየር? ጉድ እኮ ነው። አየሩ ምን ሊጠጣ ነው?"

ከዚያ ወዲያ ስሙ ማንቆርቆሪያው ሆኖ ቀረ። መኝታ ክፍላችን ጥግ፣ ከአልጋው ራቅ አድርጌ፣ የማይነቃነቅ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሽቦውን በግድግዳው ሥር አሳልፌ ፊት ለፊቱ ወንበር ገተርኩ። ከዚያ የአማቴን እጅ ይዤ ወንበሩን አስነካኋቸው። "ከዚህ ወዲያ እሳት ነው እማማ።"

"የደከመው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም" አሉኝ። "ሲንደቀደቅ እሰማው የለ።"

እስከዚህ ድረስ ያጠፋሁት ነገር አልነበረም። ማጥፋት የጀመርኩት ሙያዬን ስጨምርበት ነው። በእኛ ሥራ እንፋሎት ሲበዛ ጥሩ ነው፤ ሸሚዝ ካልረሰረሰ ኮሌታው አይታጠፍም። እናም መስኮቱን ዘጋሁ፣ በበሩ ሥር ፎጣ ወተፍኩ፣ ቁልፉን መጨረሻው ላይ አደረግኩት። መለኪያዋን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳት። በዚያ ላይ ከላውንደሪ ያመጣሁትን የካውያ ውሃ፣ ደንበኛ የሚወደውን ሽቶ ጠብ ያለበትን፣ ከንጹሕ ውሃ ጋር ደባለቅኩ። ሰውዬው መልካም መዓዛ እየሸተተው ይተኛ ብዬ ነው። በፍቅር ያደረግኩት ነው፤ ማንም እንዳይፈርድብኝ።

ባሌ ጠዋት ሲነሳ ዓይኑ ቀልቶ፣ አፍንጫው ታፍኖ፣ ሲያስነጥስ ቤቱ ተናወጠ። ድምፁ ጭራሽ ወረደ። በማግስቱም እንዲሁ። ወደ ማንቆርቆሪያው ጠቁሞ ቀጥሎ ወደ ውጭ በር ጠቆመ። "ገና አልለመደህም፣ ታገስ" አልኩትና እኔ እቴ፣ እንፋሎቱ አነሰ ብዬ ውሃ ጨመርኩበት። በሕመሙ ላይ ሕመም ጨመርኩበት ማለት ይቻላል።

ነገሩን የደረሱበት አማቴ ናቸው። አንድ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ግድግዳውን እየዳበሱ ሲመጡ መኝታ ክፍላችን ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"አንቺ ልጅ፣ ግድግዳው አልቦታል።"

"ምን አሉ እማማ?"

"ነይ ንኪው።"

ነካሁት። መዳፌ ረጥቦ ተመለሰ። ቁም ሳጥኑን ሳብ ባደርገው ከጀርባው ጥቁር ሻጋታ ነጠብጣቡን ጀምሯል። አማቴ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ። "ደግሞ ቤቱ ላውንደሪ ላውንደሪ ይሸታል። ልጄን ያገባሽው ልትተኩሺው ነው እንዴ? ሽቶ ለሸሚዝ ነው፤ ጉሮሮ ሽቶ ምን ያደርግለታል?"

ተናደድኩ። የተናደድኩት ትክክል ስለሆኑ ነው፤ ተሳስተው ቢሆን ኖሮ እስቅ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ መሳቢያውን ከፍቼ መለኪያዋን አወጣሁ። ወዲያው ቀስቷ ተነስታ ወደ ላይ ሄደች ሄደችና ሰማንያን አልፋ ቆመች። ከዚያ መነጽሬን አድርጌ መመሪያውን ከፈትኩ። የክፍሉ እርጥበት ከአርባ እስከ አምሳ በመቶ ይሁን ይላል። ንጹሕ ውሃ ብቻ፣ ሽቶም ቅባትም እንዳይገባበት ይላል። በደማቁ ነው የተጻፈው፤ ለእኔ ብለው የጻፉት መሰለኝ።

በዚህ መሀል ባሌ ማንቆርቆሪያውን አቅፎ ወደ ውጭ በር ሲያመራ አየሁት። ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩ። በአገጩ ዞር በይ አለኝ። ትከሻዬን አስደግፌ ቆምኩ። ጉሮሮውን ነካ፣ ማሽኑን ነካ፣ እጁን አንገቱ ላይ እንደ ቢላ አሳለፈው።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የሱ አይደለም" አልኩት። "ይህ ደረቅ ወቅት እስኪያልፍ ስጠኝ። አንተ ለጣቢያው ቆጥብ፣ አልከለከልኩህም። እኔ ግን ድምፅህን እፈልገዋለሁ። እማማም ይፈልጉታል። እዚሁ ፊቴ ቁጭ ብለህ ናፍቀኸኛል፣ ገባህ?"

ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ወደ ጥጉ መልሶ አስቀመጠው።

እንደገና ጀመርኩ። ግድግዳውን በበረኪና ጠርጌ አደረቅኩ። የማሽኑን ሆድ ከፍቼ ባየው በዚያች አጭር ጊዜ ነጭ ቅርፊትና የሽቶ ቅባት ተጋግሮበታል፤ አቼቶ ከውሃ ጋር ሞልቼ አሳደርኩት፣ በለስላሳ ብሩሽ ፈገፈግኩት፣ ሽታው እስኪጠፋ አለቀለቅኩት። ከዚያ በኋላ ንጹሕ ውሃ ብቻ ሆነ። ፎጣው ከበሩ ሥር ተነሳ። መለኪያዋ ትራስጌዬ ተሰቀለች፤ አምሳን ልታልፍ ስትል ቁልፉን ዝቅ አድርጌ በሩን ገርበብ አደርጋለሁ። ጠዋት ሲነሳ የተረፈውን ውሃ ደፍቼ፣ ውስጡን ጠርጌ፣ ክዳኑን ገልጬ አደርቀዋለሁ፤ መስኮቱም ይከፈታል። አማቴ በበኩላቸው ሲያልፉ ግድግዳውን በመዳፋቸው ይመረምራሉ። "ደረቅ ነው" ይሉኛል፣ እንደ ተቆጣጣሪ። እንደዚያ ባሉ ቁጥር መለኪያዋን አያለሁ፤ አንድም ቀን አልተሳሳቱም።

ቀስ በቀስ የባሌ ከንፈር ዳነ። ትራሱ ላይ የደም ነጠብጣብ ጠፋ። ጠዋት ጉሮሮውን መጥረጉን ተወ። አፉ ግን እንደ ተዘጋ ነው። ብጠይቀው በእጁ "ገና ነው" ይለኛል። እኔም አምኜ ውሃዬን እሞላለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን የደንበኛ ካፖርት ላደርስ በጣቢያው በኩል ሳልፍ ድምፅ ማጉያው ተናገረ። ከነካፖርቱ ቆምኩ። የባሌ ድምፅ ነው፤ ሙሉ፣ ለስላሳ፣ ድሮ የማውቀው። መንገደኞች በጨዋ ደንብ ወደ በራቸው እንዲሄዱ ይለምናቸዋል። "ዕቃችሁን እንዳትረሱ" ይላቸዋል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ደሜ ፈላ። አንድም ቀን ማሽን አጥቦ ለማያውቅ መንገደኛ ሁሉ ይህ ድምፅ ይንቆረቆርለታል፣ እናቱ ግን እጁን እየዳበሱ ማን እንደሆነ ይገምታሉ። ፈርቶ እንደሆነ ይገባኛል። አንዴ ያጣ ሰው ያገኘውን አያምነውም። ቢገባኝም አልማርኩትም።

ማታ በሩ ተንቀሳቀሰ። አማቴ ከክፍላቸው ወጥተው ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል።

"መጣ?"

ዝም አልኩ።

"አንቺ፣ መጣ ወይ?"

ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ወደ እኔ አየ። በዓይኑ "ንገሪያቸው" አለኝ። ትከሻዬን ሰበቅኩ። ራሱ እንደሚያደርገው አድርጌ፣ ሁለቱንም ትከሻ ነው የሰበቅኩት።

"ማነው እዚያ ያለው?" አሉ አማቴ። አሁን ድምፃቸው ተለወጠ፤ መዳፋቸው ግድግዳውን ፈጠን ፈጠን አድርጎ መዳበስ ጀመረ። እኔም አፌን ልከፍት ምንም አልቀረኝም። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

"እኔ ነኝ እማ" አለ ባሌ።

የአማቴ እጅ ግድግዳው ላይ ቀጥ አለ።

"እስቲ ድገመው።"

"እኔ ነኝ፣ ልጅሽ።"

ከዚያ ግድግዳውን ለቀው፣ ምንም ሳይዙ፣ ድምፁ ወደመጣበት ተራመዱ።

"ምነው ቆየህ?" አሉት።

ሄዶ አቀፋቸው። እዚያው ቆመው ስለ አውቶቡሶቹ ጠየቁት፣ ስለ አለቃው፣ ስለ ጉሮሮው፤ ሁሉንም አንድ በአንድ በአፉ መለሰላቸው። እኔ ተራዬን እጠብቃለሁ። በዚያ ሁሉ ዝምታ ውስጥ ምን ምን ሊለኝ አጠራቅሞ ይሆን እያልኩ ነው። በመጨረሻ በእናቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ መኝታ ክፍላችን ውስጥ የበራውን ቀይ መብራት አየና ወደ እኔ ዞረ።

"ማንቆርቆሪያው ውሃ ጨርሷል" አለኝ።

ለዚህ የሚገባውን መልስ ልሰጠው አፌን ከፈትኩ። የእሱን ድምፅ እንዳላቋርጥ መልሼ ገጠምኩት። ትከሻዬን ሰብቄ ውሃ ልቀዳ ሄድኩ፤ እያወራ ስለሆነ በሩን አልዘጋሁትም።