ጳጉሜን የማያውቀው ሰንጠረዥ

ሪሃና መቅጠን ስትጀምር ሞያሌ ዝም ብላ አላየቻትም። በኬንያው በኩል ካለው ከሄሉ ሰፈር እስከ ድንበሩ ኬላ ድረስ ሰው በአጠገቧ ሲያልፍ ሰላምታውን ያሳጥርና ዓይኑን ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይሰዳል። በዚያ ከተማ ወፍራም ሴት የደላት ናት። የቀጠነች ሴት ግን ሁለት ምክንያት ብቻ ነው ያላት፤ ወይ ባሏ በድሏታል፣ ወይ ስሙ የማይጠራው በሽታ ገብቶባታል። ሪሃና ደግሞ ባል የላትም።

እውነቱ ሌላ ነበር። የክሊኒኩ ነርስ የደም ግፊቷን ለክታ፣ "ማማ፣ አሥራ አምስት ኪሎ ካልቀነስሽ ልብሽ አንድ ቀን ጥሎሽ ይሄዳል" ብላታለች። ሪሃና ከገበያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ማመልከቻና ደብዳቤ በኮምፒውተር እየጻፈች የምትኖር፣ ማንኛውም ነገር በመስመርና በዓምድ ካልተደረደረ የማይገባት ሴት ናት። ስለዚህ ሰንጠረዥ ሠራች። ቀን፣ ኪሎ፣ ካለፈው ሳምንት ልዩነት። ኪሎው ከቀነሰ በመጨረሻው ሳጥን ውስጥ አረንጓዴ "ጎበዝ!" ብቅ ይላል፤ ከጨመረ ቀይ "ተጠንቀቂ!"። ከሁሉ በላይ ደግሞ "የምትመዘኚበት ሚዛን" የሚል ሳጥን አለ። ሚዛን ሁሉ ይዋሻል፣ ትላለች ለጠየቃት ሰው፤ ቁም ነገሩ አንድ ውሸታም መርጦ ከእሱ አለመለየት ነው።

ዘጠኝ ኪሎ ስትቀንስ ሰንጠረዡን አትማ በሯ ላይ ለጠፈችው፤ ሆን ብላ እንደቀጠነች ከተማው እንዲያውቅላት። ሐሜቱ በሳምንት ውስጥ ጠፋና በቦታው ወረፋ መጣ። ፍላሽ ይዞ ለመጣ ሁሉ በነፃ ቀዳችለት። "ከተበላሸባችሁ መልሱልኝ፣ አስተካክላለሁ" ትላቸዋለች። ታናሽ ወንድሟ ጃቢር ሳይቀር ወሰደ።

"እኔንም 'ተጠንቀቂ' ትለኛለች እኮ! ወንድ መሆኔን አታውቅም እንዴ?" አላት አንድ ቀን እየተነጫነጨ።

"ሆድህን አይታ ያረገዝክ መስሏት ነው።"

ሰንጠረዡን ከኬላው ማዶ፣ ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ ያሻገረችው ዳሃቦ ናት። ዳሃቦ ድንበሩን በቀን ሁለቴ የምትሻገር የጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ሰውነቷ ሰፊ፣ አፏም ከሰውነቷ የማያንስ። ለማዶ ሴቶች ከሻሽና ከድሪያ ጋር ሰንጠረዥ ታድላለች። እሷ ራሷ ግን ግራም አልቀነሰችም።

በኬንያው አቆጣጠር በሴፕቴምበር 2007 መጀመሪያ፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ዳሃቦ ሱቁ ገባችና ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገች።

"እንኪ፣ ልጅሽን ተረከቢ። ታማለች።"

"የቷ ልጄ?"

"ሰንጠረዥሽ ናታ! ጳጉሜን አልበላም ብላለች አሉ። ከማዶ ነው የላኩልሽ።"

ሪሃና ሳቀች። እንዴት እንዳላሰበችው! በሞያሌ እያንዳንዱ ዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ ወደ ኬንያው በኩል ይመጣል፣ ይኖራል፣ ያልፋል። ሰው ሲረሳው፣ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ ያው ቁጥር ከኬላው ማዶ ብቅ ይላል። በዚህ በኩል 2007 ነው። በዚያ በኩል 1999 ሊያልቅ የቀሩት ጥቂት ቀናት ናቸው፤ ረቡዕ ሁለት ሺህ ይገባል ተብሎ መንገዱ ሁሉ በመብራት እየተሸለመ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ግን አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር ቢሰጡት ምን ያድርገው?

ዳሃቦ ሄደች። ሪሃና ፋይሉን ከፈተችው።

የስም ሳጥኑ ባዶ ነው። የሚዛኑ ሳጥን ግን ተሞልቷል፤ "ነጅመዲን" ይላል።

እጇ ማውሱ ላይ ቀረ። ነጅመዲን አባቷ ናቸው። ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

ወደ ታች ወረደች። 15/10/1999፣ ሃምሳ ሁለት ኪሎ። 22/10/1999፣ ሃምሳ አንድ፤ ጎበዝ! 29/10/1999፣ አርባ ዘጠኝ ተኩል፤ ጎበዝ! አራተኛው መስመር ላይ ዓይኗ ከመድረሱ በፊት ከንፈሯ "አርባ ስምንት" አለ። አርባ ስምንት ነበር።

ተነሥታ በሩን ዘጋች። ውጭ ፀሐዩ ነጭ ነው፤ የጎረቤቱ ጄኔሬተር ይጮኻል። ከመደርደሪያው ሥር ካለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ሽፋኑ የተላጠ አንድ ደብተር አወጣች። ደብተሩን ከእሷ በቀር አይቶት የሚያውቅ ሰው የለም።

ታላቅ እህቷ ሙጂባ በ1999 ነበር የከሳችው፤ በዚህኛው፣ በኬንያው 1999። ሪሃና በየዓርቡ ደግፋ ወደ አባቷ መጋዘን ትወስዳትና እህል መመዘኛው ላይ ታቆማታለች። ሚዛኑ የሚቆጥረው በግማሽ ኪሎ ነው። ያለውን ትጽፋለች። ለጠየቀ ሁሉ ቤቱ አንድ መልስ ነበረው፤ ረመዳን ከመግባቱ በፊት "ሱና እየጾመች ነው"፣ ከገባ በኋላ "ጾም በርትቶባት ነው"። ሪሃና ቁጥሩን እያወቀች መልሱን ደገመች። ንጹሕ ጽሕፈት፣ ቀጥ ያለ መስመር። ለማንም አላሳየችም።

ደብተሩን ከኮምፒውተሩ ጎን ዘረጋችው። ሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ ሁለት። ሃምሳ አንድ፣ ሃምሳ አንድ። አሥራ አንዱም መስመር እስከ ግማሽ ኪሎው ድረስ አንድ ነው። ከአሥረኛው ወር በኋላ ቀኖቹ ብቻ በአንድ ይራራቃሉ፤ አንድ መንገድ የሚሄዱ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ በአንድ እርምጃ ቀድማ። የደብተሩ መጨረሻ 24/12/1999 ነው፤ ሠላሳ ስምንት ተኩል። የሚቀጥለው ዓርብ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነበር። በዚያ ጠዋት ሙጂባን የሚመዝናት አልነበረም፤ ለከፈን የታጠበችው በዚያ ጠዋት ነው።

ሰንጠረዡ ግን አንድ መስመር ይበልጣል። 2/13/1999፣ ሠላሳ ሰባት ኪሎ። ከአጠገቡ የስህተት ምልክት ተደርድሯል። ከላይ እስከ ታች አሥር ጊዜ "ጎበዝ!" ያለው ሰንጠረዥ እዚህ ላይ ዝም ብሏል።

ጃቢርን ጠራችው። መጣና አየ፤ ደብተሩን አየ፤ ቁጭ አለ።

"የአባዬ ሚዛን የት ነው ያለው?" አለችው።

"እሱማ አባዬ እንዳረፉ ከማዶ ላለው ለጅሎ ሸጥነው። ቡናና እህል የሚነግደው። ስማቸው ሰሌዳው ላይ በነጭ ቀለም እንዳለ ነው፤ ሲያልፉ ይታያል።"

"ቁጥሩስ እንዴት አንድ ሆነ?"

ጃቢር ደብተሩን በአንድ ጣቱ ቀስ አድርጎ ዘጋው። "እኔ እንጃ፣ እትዬ። ብረትም ያስታውስ ይሆናል።"

ሪሃና ቀን ቆጠረች፤ ሌላ ማድረግ የምትችለው ነገር አልነበረም። ሙጂባ ከአሥራ ሁለተኛው ወር አላለፈችም። ከማዶ ግን 1999 ገና አላለቀም። ዛሬ ጳጉሜ ሦስት ነው። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ለእህቷ ያልተሰጧት እነዚህ ስድስት የጳጉሜ ቀናት ነበሩ፤ ከነሱም ሁለቱ አልፈዋል።

"ፒክአፑን አምጥተህ ከኬላው በዚህ በኩል ጠብቀኝ" አለችው። "መኪና ለማሻገር ወረቀት ሲጠይቁህ ይመሻል። እኔ በእግሬ እሄዳለሁ።"

ኬላውን ሺህ ጊዜ ተሻግራዋለች። በዚያን ቀን ግን ገመዱን ስታልፍ እግሯ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንደገባ ያህል ተሰማት። ከ2007 ወጥታ 1999 ውስጥ ገባች። መንገዱ በባንዲራ ተጌጧል፣ የድምፅ ማጉያው ይዘፍናል፣ ሰው ይስቃል። እሷ ግን በዚህ ዓመት መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ ታውቃለች።

ሚዛኑ በጅሎ መጋዘን በር ላይ ቆሟል። የአባቷ ስም እንዳለ ነው። ማንም አልቆመበትም፤ ቀስቱ ግን ይንቀጠቀጣል። የጭነት መኪና ንዝረት ነው ብላ አለፈችው። መኪና ግን አላየችም።

ከውስጥ፣ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠች ወጣት ቀና አለች። የመጋዘኑ ጸሐፊ ሀዊ ናት። ሪሃና ማን እንደሆነች ስትነግራት ፊቷ በራ።

"ጳጉሜን አስተካከልሽልን?"

"አስተካክላለሁ። የሚመዘነው ማነው?"

"ታላቅ እህቴ ናት፣ ጃለቱ። በሰንጠረዡ ነው የቀነሰችው። ሰፈሩ ሁሉ ቀንቶባታል።" ሀዊ ይህን የተናገረችው እንደተጠና ትምህርት ነው። ከዚያ ዓይኗን ሰበረች። "እንደሱ በይ ብላኝ ነው። እኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፈው።"

ሪሃና ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። የራሷ ነው።

ቤታቸው ከመጋዘኑ ጀርባ ነው። ጃለቱ ግድግዳውን ተደግፋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ብቻ ትልቅ። ከራሷ በላይ፣ እንግዳ ሁሉ ሊያየው በሚችልበት ቦታ፣ የታተመ ሰንጠረዥ ተለጥፏል። ጎበዝ! ጎበዝ! ጎበዝ! የሪሃና ቃል ነው፤ ሪሃና የመረጠችው አረንጓዴ ቀለም።

"የ'ጎበዝ' ባለቤት አንቺ ነሽ?" አለች ጃለቱ ፈገግ ብላ። "ይኸው፣ ከተማሪዎችሽ አንደኛ ወጣሁልሽ።"

ሪሃና ደብተሩን ከፍታ ጭኗ ላይ አኖረችላት። ጃለቱ ጣቷን በቁጥሮቹ ላይ አስኬደች፤ ወደ ግድግዳው ቀና አለች፤ መልሳ ወደ ደብተሩ። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ።

"የኔን ማን ጻፈው?"

"ያንቺ አይደለም። የእህቴ ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ዛሬ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው።"

"ከዚህ በኋላስ?"

ሪሃና ገጹን ገለጠች። ባዶ ነው። የሚቀጥለውን ገለጠች።

ጃለቱ ባዶውን ገጽ ብዙ አየችው። "እኔ ጋ አንድ መስመር ይበልጣል" አለች በመጨረሻ።

"አዎ። ጳጉሜ ነው።"

"ያኔ መድኃኒት አልነበረም?"

"አልነበረም። ዛሬ አለ፤ በነፃ ነው። በኛ በኩል ደግሞ ማንም አያውቅሽም።"

ሀዊ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ ድምፅ ሳታሰማ። ጃለቱ እጇን ወደ እሷ ዘረጋች። "ምን ይገትርሻል? ሻሼን አምጪልኝ። አዲሱን።"

ሁለቱ በግራና በቀኝ ይዘዋት ወጡ። ክንዷ በሪሃና አንገት ላይ ክብደት የለውም። መንገድ ላይ አንዲት ጎረቤት፣ "ጃለቱ! ከዚህ በላይ ከቀነስሽ እኮ ንፋስ ይወስድሻል!" ብላ ጮኸች።

"ሰንጠረዤ ተበላሽቶብኝ ነው!" አለች ጃለቱ፣ ከየት እንዳመጣችው በማይታወቅ ድምፅ። "ላሠራው እየሄድኩ ነው!"

መጋዘኑን ሲያልፉ ሪሃና ወደ ሚዛኑ አላየችም። ኬላው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ገመዱ ጋ ደረሱ። ጃለቱ አንድ እግሯን ካሻገረች በኋላ ቆመች፤ አንዱ እግሯ በዚያ፣ አንዱ በዚህ።

"በዚህ በኩል ዓመቱ ስንት ነው?"

"ሁለት ሺህ ሰባት።"

"ከ1999 ብዙ ይርቃል?"

"አንድ እርምጃ ነው" አለች ሪሃና። ጃለቱ ሌላውን እግሯን አነሣች። ጃቢር የፒክአፑን በር ከፍቶ ይጠብቃል።

በኅዳር አጋማሽ ዳሃቦ ያንኑ ፍላሽ ይዛ መጣች። ከሪሃና ትከሻ ኋላ ቆማ ሰንጠረዡን ስታይ ከንፈሯን መጠጠች። የሚዛኑ ሳጥን ውስጥ አሁን "የሆስፒታል" ተብሎ ተጽፏል። ሠላሳ ሰባት ተኩል፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ። አዲሶቹ ቀኖች ሁሉ የ2000 ናቸው። በመጨረሻው ዓምድ ከአዲስ ዓመት ወዲህ ያለው ሁሉ ቀይ ነው፤ ተጠንቀቂ! ተጠንቀቂ! ተጠንቀቂ!

"ወላሂ እንዲህ ያለች ሰነፍ አይቼ አላውቅም! ይቺንማ ሰንጠረዡን ነጥቆ ማባረር ነው።"

"ተያት" አለች ሪሃና። "ትወፍር።"

"ጅሎ ደግሞ መልእክት አለው። የአባታችሁን ሚዛን ውሰዱልኝ ይላል። ከአዲስ ዓመት ወዲህ አልሠራም ብሏል። ከረጢትም ይጫንበት ሰው ይቁምበት፣ ቀስቱ ሠላሳ ሰባት ላይ ቆሞ አይነቃነቅም።"

ሪሃና ዳሃቦ እስክትወጣ ጠበቀችና በሰንጠረዡ መካከል፣ በአረንጓዴውና በቀዩ መሐል ያለውን መስመር አየች። 2/13/1999። የስህተቱ ምልክት እንዳለ ነው። ለማስተካከል አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ ለሀዊም ቃል ገብታላታለች። ከተስተካከለ ግን ሠላሳ ሰባቱ አጠገብ አረንጓዴ "ጎበዝ!" ብቅ ይላል።

ፋይሉን እንዳለ ዘጋችው።