ስማቸውን ቀይሬያለሁ

«መጣልሽ» አለች አዚዛ፣ የሻዩን ትሪ መሬት አስቀምጣ በመስኮቱ እያጮለቀች። «ዶክተሩ ነው። አበባ ይዟል።»

ጦቢያ ከፍራሹ ተነሳች። እናቷን የቀበሩት ትናንት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጉልበቷን አቅፋ፣ «ያጽናሽ» ላላት ሁሉ «አሜን» እያለች ተቀምጣ ነበር። አሁን ግን አዚዛን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ መስኮቱን ያዘች።

ድንኳኑ ጠባቡን የካዛንቺስ መንገድ ከበራቸው እስከ ጎረቤት አጥር ዘግቶ ቆሟል። ዶክተር ኢያቄም ጎንበስ ብሎ ገባ። ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች ካርታቸውን ደፍተው ብድግ ብድግ አሉ። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ አጥናፉ የራሳቸውን ወንበር በእጃቸው ጠርገው አቀረቡለት።

«ወንበር ጠረጉለት!» አለች ጦቢያ።

«ምን ያድርጉ፣ አያውቁም።»

«ሊያውቁ መች ጠየቁ።»

አዚዛ ወደ ሻይ ትሪዋ ዞረች። ግድግዳ ለግድግዳ ነው አብረው ያደጉት፤ የጦቢያ ድምፅ እንዲህ ዝቅ ያለ ቀን ከፊቷ ዞር ማለት እንደሚሻል ታውቃለች።

ጦቢያ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ይህ የእናቷ ቤት ጠበኛ ሲገባበት፣ ታርቆ ሲወጣበት ኖሯል። ሰንጋ ተራ ሲፈርስ ምትክ ቤቱ ለማን ይሁን ብለው የተጣሉ ወንድማማቾች፣ በአጥር ወሰን የተካሰሱ ጎረቤቶች፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ የወጣች ሙሽራ፤ ሁሉም ፍርድ ቤት ከመሄዳቸው በፊት፣ አንዳንዶቹም ፍርድ ቤት ታክቷቸው፣ የጦቢያ እናት እትዬ መድኃኒት ዘንድ ይመጣሉ። እናቷ በቤቷ የሰው ልብስ ትሰፋ ነበር። ባለጉዳዮቹ ሲጯጯሁ መርፌዋን ሳታቆም ትሰማለች። ሲደክማቸው ቀና ትልና፣ «እሺ፣ አሁን ደግሞ እውነቱን ንገሩኝ» ትላለች። የምትሳሳትበትም ጊዜ ነበር። አድልታም ታውቃለች፣ በተለይ ለሴቶች። የሰማችውን ግን አታወራም። ከመጋረጃው ጀርባ የቤት ሥራዋን ለምትሠራው ጦቢያ፣ «እዚህ የሰማሽው ከዚህ ቤት ከወጣ ልጄ አይደለሽም» ትላት ነበር።

ኢያቄም የመጣው አንድ ክረምት ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ «ሕግና ኑሮ» የሚባል በእንግሊዝኛ የሚወጣ የሕግ ሶሲዮሎጂ ጆርናልም ያዘጋጃል። ሰው ከፍርድ ቤት ውጭ እንዴት እንደሚዳኝ ሊያጠና እንደሚፈልግ ነገራቸው። ደስ የሚል ሰው ነበር። ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ ሽማግሌ ሲገባ ይነሳል። ዓመት ያህል ተመላለሰ። እናቷ ቀን ቆጥራ መጠበቅ ጀመረች፤ «ያ ልጅ ዛሬ ቀረ?» ትል ነበር፣ እሱ ጠጉሩ የሸበተ ሰውዬ ሆኖ ሳለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይዞት ሳለ፣ «እስካሁን ካዩት ሁሉ የከበደዎት የቱ ነው?» ሲል ጠየቃት። እናቷ መርፌዋን ልብሱ ላይ ሰካች። ከዚያ ይዞት ወደመጣው የድምፅ መቅረጫ ጠቆመች። ኢያቄም አጠፋው፤ ባትሪውንም አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«በልጆቼ እምልልዎታለሁ፣ እትዬ፣ ከዚህ ቤት አይወጣም።»

ጦቢያ ሻይ እየቀዳች ነበር። እናቷም የልደትንና የነጋሲን ነገር ነገረችው።

ልደት ከነሱ ቤት ጀርባ ነው የምትኖረው። ሳታገባ አርግዛ፣ ያስረገዛት ሰው ጥሏት ሲጠፋ፣ ወፍጮ ቤት ያለው ነጋሲ ምንም ሳያውቅ ሊያገባት ጠየቀ። እናቷ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጣ፣ ልደት እውነቱን በራሷ አፍ እንድትናገር አደረገች። ነጋሲ ብዙ አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን ጠርጎ፣ «ልጁ የኔ ነው። ሌላ የሚል ካለ ጠላቴ ነው» አለ። ሦስቱም ለማንም ላይናገሩ ቃል ተገባቡ። ሴት ልጅ ተወለደች። ነጋሲ በግራ እግሩ እያነከሰ፣ ዱቄት በዱቄት እንደሆነ፣ በየቀኑ ከትምህርት ቤት የሚያመጣት እሱ ነበር።

በዓመቱ ጆርናሉ ይህንኑ ታሪክ ይዞ ወጣ። የነጋሲ ታናሽ ወንድም ሕግ ተማሪ ነው፤ ክፍል ውስጥ እንዲያነቡት ታዘዙ። በጽሑፉ ስሞቹ ተቀይረዋል። ባልየው ግን ካዛንቺስ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለው፤ ግራ እግሩን ያነክሳል። አስታራቂዋ ልብስ ሰፊ ናት። ወንድምየው ሁለቴ ማንበብ አላስፈለገውም። ለፋሲካ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ ሳለ፣ ሞቅ ሲለው ዘረገፈው።

ነጋሲ ሳይውል ሳያድር ወፍጮ ቤቱን ዘግቶ ብቻውን ሐዋሳ ገባ። ልጅቷን እኩዮቿ «አባትሽ ማነው?» እያሉ ሲያስለቅሷት ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። ሰፈሩም «መድኃኒት አወራች» አለ። ማን ጻፈው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ቀስ በቀስ የእናቷን በር የሚያንኳኳ ጠፋ።

ጦቢያ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ጽሑፉን እየተረጎመች ለእናቷ ያነበበችላት እሷ ነች። እናቷ ልብሱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሳትሰፋ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ይሄን ማን ያነበዋል?»

«የተማሩ ሰዎች።»

«አንብበው ምን ያደርጉታል?»

ጦቢያ ስልኳን አነሳች።

ለኢያቄም ደወሉለት። «ስማቸውን ቀይሬያለሁ እኮ፣ እትዬ» አለ። «ማለቴ፣ በጥናት ደንብ ስም ከተቀየረ በቃ፣ ችግር የለውም።» ሁለተኛ ሲደውሉ ስብሰባ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ አላነሳም። እናቷ ሄዳ ልደት በር ላይ ቆመች፤ ልደት አልከፈተችም። ሌላ ቀን ደግማ ሄደች፤ ልደት ከውስጥ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው። የእናቷ ደም ግፊት አልወርድ አለ። አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል ወደቀች፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሳችም።

«ጦቢያዬ» አሉ ጋሽ አጥናፉ፣ ከድንኳኑ መጥተው በሩ ላይ ብቅ ብለው። «ዶክተር እንዴት ያለ ትሁት ሰው ነው! ነገ ሰልስት ላይ የእናትሽን የሕይወት ታሪክ ላንብብ ይላል። ጽፎ ጨርሶታል። የሚቀጥለውን መጽሔትም ለመታሰቢያቸው ሊያደርገው ነው።»

ጦቢያ ትክ ብላ አየቻቸው። ያለፈውን ዓመት ሙሉ በዚህ በር ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ማዶ ያዞሩ ነበር።

«ያንብብ» አለች።

ጋሽ አጥናፉ ደስ ብሏቸው ወጡ። አዚዛ ክንዷን ያዘቻት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልደት ጋ ደርሼ ልምጣ።»

«አብደሻል? ሐዘንተኛ ከፍራሽ ተነስታ ሰው ቤት ትሄዳለች?»

ጦቢያ የአዚዛን ነጠላ ጫማ አድርጋ በጓሮ ወጣች።

ልደት በሩን የከፈተችው ሌላ ሰው መስሏት ነው። መልሳ ልትዘጋው ስትል ጦቢያ እግሯን አስገባች።

«ለእናትሽ አላለቅስም» አለች ልደት።

«አታልቅሺ።»

«ልሰድባት ነበር የምፈልገው። አንድ ቀን ፊቷ ቆሜ፣ ሰው እየሰማ፣ እስኪወጣልኝ። እሱንም ሳልጠግብ ሞተችብኝ!»

«የጻፈው ሰውዬ ነገ እኛ ቤት ይመጣል። ነይና ፊቱን እዪው። ከዚያ በኋላ እናቴን መስደብ ካማረሽ እዚያው ስደቢያት። እኔ አላስቆምሽም።»

ልደት የጦቢያን እግር በእግሯ ገፋ አድርጋ በሩን ዘጋችው።

በማግስቱ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ድንኳኑ ሞላ። ንፍሮ ዞረ። ዶክተር ኢያቄም መነጽሩን አድርጎ፣ በአንድ እጁ ወረቀት፣ በሌላው ጆርናሉን ይዞ ቆመ። ጥሩ ድምፅ አለው። እትዬ መድኃኒት ያልተጻፈው ሕግ ሕያው ምስክር እንደነበሩ አነበበ። ከሴቶቹ በኩል ለቅሶ ተሰማ።

«ያመናቸውን ሰው ምስጢር እንደ መቃብር ይዘው የኖሩ…»

«ቆዩ» አለች ጦቢያ። ከሴቶቹ መሃል ቆማ ነበር። «እርስዎስ? እርስዎ የማንን ምስጢር ያዙ?»

ኢያቄም ቀና አለ። «ጦቢያ፣ ማለቴ… አሁን ጊዜው አይደለም።»

«እናቴ ልትነግርዎ ስትል ባትሪውን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። በልጆችዎ ማሉ። ሻይ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቤትዎ ሄደው ጻፉት። እውነት ነው ውሸት?»

«ልጄ» አሉ ጋሽ አጥናፉ፣ «ለቅሶ ላይ እንዲህ አይደረግም።»

«ለቅሶ ላይ ምንድነው የሚደረገው፣ ጋሼ? በቁሟ የሸሿትን ሰው ስትሞት ድንኳን መትከል ነው?»

ጋሽ አጥናፉ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ስማቸውን ቀይሬያለሁ» አለ ኢያቄም። «ሳይንሳዊ ጥናት ነው። የማንም ስም የለበትም።»

«ወፍጮ ቤቱንስ ቀይረኸዋል? የሚያነክሰውን እግሩንስ?»

«አንተ» ስትለው ከሽማግሌዎቹ አንዱ አጉረመረሙ። ጦቢያ አልሰማችም።

«ደወለችልህ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ አልክ! ሰፈሩ ሁሉ ሲሸሻት አንድ ቀን መጥተህ ‹እኔ ነኝ› ብትል ምን ነበረ? ምን ይጎድልብህ ነበር? አሁን በል። አበባህን ተወውና እሱን በል!»

ከመግቢያው በኩል ሰው ለሰው መንገድ ሲለቅ ታየ። ልደት ነበረች። መቼ እንደገባች ያየ የለም። ወንዶቹን አልፋ መጥታ ኢያቄም ፊት ቆመች።

«ይቺ ናት» አለች ጦቢያ። «‹ወይዘሮ ሀ› ብለህ የጻፍካት።»

ኢያቄም በየጉባኤው ስለዚህች ሴት ሲናገር ኖሯል፤ አይቷት ግን አያውቅም።

«ይሄ ነው?» አለች ልደት፣ ጆርናሉን ከእጁ ወስዳ። ገለጠችው። እንግሊዝኛ አታነብም። «የቱ ጋ ነው ያለሁት?»

ኢያቄም መነጽሩን አስተካከለ።

«አሳየኝ።»

ገጹን ፈልጎ በጣቱ ጠቆመ። ልደት መስመሩን ቁልቁል አየችው፤ ፊደሉ ምንም አላላትም።

«ይቅርታ» አለ ኢያቄም፣ ድምፁ ተሰብሮ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። አልጽፍም ብዬ ምዬ ነበር። እሳቸው የነገሩት ለኔ ብቻ ነው። ግን፣ ማለቴ፣ በብዙ አገር ነው የተነበበው… የባለቤትሽ ውሳኔ እንዴት እንደተደነቀ ብታውቂ…»

«የብዙ አገር ምን አገባኝ? እዚህ ሰፈር አንድ ሰው አነበበው። አንዱ በቃኝ።»

ጆርናሉን ደረቱ ላይ አስደግፋ ለቀቀችው። ሳይወድቅ ያዘው። ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ በወንበሮቹ መሃል እየተሽሎከለከ ወጣ። ሊሸኘው የተነሳ ሰው አልነበረም።

ጦቢያ ቤት ገብታ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ሲወጣላት ቀለል የሚላት መስሏት ነበር። ንዴቷ ግን እንዳለ ነው፤ አሁን ደግሞ የምታሳርፍበት ሰው የለም።

ልደት ተከትላት ገብታ በሩ አጠገብ ቆመች።

«ሰማሁት» አለች። «ግን ነግራዋለች።»

ጦቢያ ለእናቷ ልትከራከር አፏን ከፈተች። ተወችው።

«ነግራዋለች» አለች ጦቢያ።

«ለምን?»

«እኔ እንጃ። ነጋሲ ያን ቀን ያለውን ነገር ትወደው ነበር፣ ልደት። በዕድሜዋ ከሰማችው ሁሉ አስበልጣ ነበር የምትወደው። ለአንድ ሰው እንኳ መንገር አምሯት ይመስለኛል።»

«የሷ አልነበረም። የኔ ነበር።»

«አዎ። ያንቺ ነበር።»

አዚዛ ሻይ ይዛ ገባች፤ አየቻቸውና ተመልሳ ወጣች። ልደት ገበያ የምትሄድ ይመስል ነበር የለበሰችው፤ ነጠላዋን እንደ ደህና ቀን ጣል አድርጋዋለች። ከትከሻዋ አወረደችው። ጦቢያ ልትሄድ ነው ብላ ቀና አለች። ልደት ግን ነጠላውን አራገፈችና አዘቅዝቃ ለበሰችው። ጥለቱ አንገቷ ሥር መጣ። ከዚያ ፍራሹ ጫፍ ላይ፣ ከጦቢያ ራቅ ብላ ተቀመጠች።