የኋለኛው ካርቡራቶር

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጋዘኑ ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ አባቴ፣ ታላቅ እህቴ፣ ጎረቤታችን ቧንቧ ሠራተኛው እና እኔ። መኪናዋ ኮፈኗ ተከፍቶ፣ ሞተሯ ተነሥቶ፣ ብርድ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጥ ነበር።

ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ የድሮ የስፖርት መኪና ናት። በዕድሜ እኔን በሃያ ዓመት ትበልጠኛለች። አባቴ ተጋጭታ ከተጣለችበት ገዝቷት ስድስት ዓመት ሙሉ እቤት ውስጥ ሲሠራት ቆየ። የእሱ ሥራ የውሃ ፓምፕ ጥገና ነበር፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አርባ ዓመት ሞተር ሲያዳምጥ ኖሯል። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከእሱ ነው።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሦስት የስፌት ማሽኖቿ መኝታ ቤቷን ስለሞሉት ወደ አልጋዋ የምትደርሰው በጎኗ እየተሹለከለከች ነው። መጋዘኑን ትፈልገዋለች፤ መፈለጓንም አልደበቀችም። መኪናዋ ደግሞ የዓመቱን ምርመራ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ሁለቱንም ጊዜ የሆነችው አንድ ነው፤ ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች፣ ጭሷ ይበዛል፣ ከዚያ ድርግም ትላለች። ለሁለተኛ ጊዜ የወደቀች ዕለት አባቴ ምሳ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ሦስተኛ ከደገመችው ብረት ገዢው ይውሰዳት" አለ። አባቴ አንዴ ከተናገረ ወደ ኋላ አይልም። ሦስተኛው ምርመራ ሰኞ ነበር።

ችግሯ አየርና ነዳጅ የሚቀላቅሉት ካርቡራቶሮቿ ላይ ነው። ሁለት አሏት፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ሁለቱ እኩል አየር ካልሳቡ ሞተሩ የተኳረፉ ባልና ሚስት ያሉበት ቤት ይሆናል። እኩል መሳባቸውን የምናውቀው አንድ ክንድ በሚሆን ላስቲክ ቱቦ ነው። የቱቦው አንድ ጫፍ ካርቡራቶሩ አፍ ላይ ይደረጋል፣ ሌላው ጫፍ ጆሮ ላይ፤ ያን ጊዜ ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። የፊተኛውና የኋለኛው ሹክሹክታ እኩል እስኪሆን ድረስ ብሎናቸውን በካቻቢቴ ማዞር ነው። አባቴ ከዚህ ሌላ መሣሪያ አያምንም። ለሦስተኛው ምርመራ ግን "እኔ ፍሬኑን ልያዝ፣ ካርቡራቶሩን ላንተ ትቻለሁ" ብሎኝ ነበር። ደስታዬን የት እንደማደርሰው ጠፍቶኝ ካቻቢቴውን ተቀበልኩ።

ግራ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ረቡዕ ዕለት ሁለቱን እኩል አደረግኋቸው፤ ሞተሩ ረጋ። ሐሙስ ጠዋት ሳስነሣት ተንቀጠቀጠች። ባይ፣ የኋለኛው ብሎን ግማሽ ዙር ተከፍቷል። መለስኩት። ዓርብ ጠዋት እንደገና ግማሽ ዙር። የፊተኛው ንክች አላለም። ብሎን በንዝረት ይላላል፤ ይህ ያለ ነው። በየቀኑ እየለካ የሚላላ ብሎን ግን አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ፣ ቀጥሎ እጄን፣ ቀጥሎ ብሎኑን። ዓርብ ከሰዓት የእህቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ወስጄ ከብሎኑ ራስ እስከ ካርቡራቶሩ ድረስ አንድ ቀጭን መስመር አሰመርኩ። ቅዳሜ ጠዋት መስመሩ ለሁለት ተሰብሮ አገኘሁት።

ብሎኑን የሚነካ ሰው አለ ማለት ነው። መጋዘኑን የሚፈልገው ማን ነው? እንዲህ ማሰቤ አሳፈረኝ፤ ግን አሰብኩት።

"እታለም፣" አልኳት፣ ዓይኗን ሳላይ፣ "ዛሬ ጠዋት እዚህ ገብተሽ ነበር?"

"ምን ልሠራ?"

"እንዲያው ነው።"

"አንተ አንድ ነገር ለመናገር ሳምንት የምትዘጋጅ ሰው ነህ፤ እንዲያው አትጠይቅም። ምንድን ነው?"

በጣቴ መስመሩን አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየችና፣ "የጥፍር ቀለሜ! እኔ ቤቱን ሁሉ ስገለብጥለት!" አለች።

"ብሎኑን ልትድሩት ነው እንዴ?" አለ ቧንቧ ሠራተኛው። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ስለሌለው እኛ ጋ ይመጣል፤ ሲመጣም ወሬውን እንጂ መፍቻውን አይዝም።

"ስማ፣" አለችኝ እህቴ፣ "መጋዘኑን ስፈልግ በአፌ እጠይቃለሁ እንጂ በስውር ብሎን አላዞርም። ካቻቢቴ በየት በኩል እንደሚያዝም አላውቅ።"

ወደ ቧንቧ ሠራተኛው ዞርኩ። ገና ሳልጠይቀው፣ "እኔን አትየኝ ወንድሜ፣ እኔ ነክቼው ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ውሃ ያፈስ ነበር" አለ።

አባቴ ፍሬኑን ትቶ ተነሣ። "ሰዉን አታስቸግር፤ እኔ ነኝ" አለ።

ወደ እሱ ዞርኩ።

"በየማለዳው እየገባሁ አቃናልሃለሁ። የኋለኛውን አፍነኸዋል። እንዳታፍር ብዬ ነው ያልነገርኩህ።"

ይኸኛው ደግሞ ጨርሶ አደነጋገረኝ። ለእኔ ጆሮ ሁለቱ እኩል ነበሩ። ግን የእሱ ጆሮ የአርባ ዓመት ነው፤ የእኔ ስንት ነው? እሱ ልክ ከሆነ ደግሞ፣ እሱ ባቃናት ቁጥር ለምን ትንቀጠቀጣለች? ብሎኑን ወደ ትናንቱ ቦታ መለስኩና ለቧንቧ ሠራተኛው ቱቦውን ሰጠሁት። እያፈራረቀ አዳመጠ።

"ሁለቱም እባብ ነው የሚመስሉኝ፤ እኩል የተናደዱ እባቦች" አለ።

"ያንተ የቧንቧ ጆሮ ነው" አለው አባቴ። "ና አንተ፣ ጫፉን ያዝልኝ፤ አሁን አሰማሃለሁ።"

ካርቡራቶሮቹ ባሉበት ጎን ቆመ። እዚያ ሲቆም የፊተኛው በቀኙ፣ የኋለኛው በግራው ይሆናል። ቱቦው አጭር ነው፤ ወገቡም እንደ ድሮው አይታዘዘውም። ስለዚህ የቀኙን በቀኝ ጆሮው፣ የግራውን በግራ ጆሮው ያዳምጣል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያደርገው አይቻለሁ፤ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል።

የቱቦውን ጫፍ የፊተኛው አፍ ላይ ያዝኩለት። በቀኝ ጆሮው ሰማ።

"ይኸው፣ ይሄ ጤነኛ ነው። አሁን ወደ ኋለኛው ውሰደው።"

ቱቦውን ወደ ግራ ጆሮው አዞረ። እኔ ጫፉን ወደ ኋላ መውሰድ ነበረብኝ። ሐሳቤ ግን ብሎኑ ላይ ነበር፤ ማን ነው ልክ፣ ማን ነው የተሳሳተ እያልኩ እጄ እዚያው ደርቆ ቀረ።

"አየኸው?" አለ አባቴ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ። "ይሄ የኋለኛው ሊሞት ነው። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትፈልጋለህ?"

እጄን አየሁት። ቱቦው የፊተኛው ላይ ነው። ፊትና ኋላው የተምታታብኝ መስሎኝ ወደ ራዲያተሩ አየሁ። ራዲያተሩ እዚያው፣ ፊት ለፊት አለ። ካርቡራቶሩ ያው ቅድም ጤነኛ ያለው ነው። የተለወጠው ጆሮው ብቻ ነው።

ነገሩ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ቧንቧ ሠራተኛው ቆሞ ያያል። እሱ የሰማውን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ዝም ብዬ ሰኞ ጠዋት ብሎኑን ብመልሰውስ? ግን አባቴ ከእኔ በኋላ ይገባል፤ ግማሽ ዙር ይከፍታል፤ መኪናዋ መርማሪው ፊት ትጠፋለች፤ ብረት ገዢው ይመጣል። እሱም ጥፋቱ የእኔ መስሎት፣ እንዳላፍር ብሎ ዝም ይለኛል።

"አባዬ፣ ዓይንህን ግለጥ" አልኩት።

ገለጠ።

"ቱቦው አሁንም የፊተኛው ላይ ነው።"

"ወደ ኋላ ውሰደው አላልኩህም?"

"ብለኸኛል። አልወሰድኩትም።"

"ለምን?"

"እኔ እንጃ። ግራ ገብቶኝ ነው።"

እጄን አየ። ከዚያ ቱቦውን ወደ ቀኝ ጆሮው አደረገ፣ መልሶ ወደ ግራ፣ መልሶ ወደ ቀኝ። ቧንቧ ሠራተኛው አፉን ሲከፍት እህቴ በክርኗ ጎኑን ጎሸመችው፤ ዘጋው።

"አጥፏት" አለ አባቴ።

እህቴ ቁልፉን አዞረች። መጋዘኑ ጭር አለ። አባቴ ቀኝ ጆሮውን በመዳፉ ግጥም አድርጎ ከደነና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"አንድ ነገር ተናገሪ" አላት።

"ምን ልበል?" አለች ቀስ ብላ።

ጠበቀ። "ተናገሪ እንጂ!"

እህቴ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ቧንቧ ሠራተኛው ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው።

"ተናግራለች አባዬ" አልኩት፣ ጮክ ብዬ።

መዳፉን አነሣ። የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠና ውሃ እንደገባበት ሰው ግራ ጆሮውን በጣቱ እያንቀሳቀሰ ቆየ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ። ማንን እንደጠየቀ አላወቅንም። ከሁለተኛው ምርመራ በፊት? ከመጀመሪያውስ?

"እህ፣" አለ በመጨረሻ፣ "በል አስነሣት። አንተ አዳምጥና ጨርሰው።"

"አንተ ደግሞ በቀኝህ..."

"ጨርሰው አልኩህ።"

አስነሣኋት። ብሎኑን ሩብ ሩብ እያልኩ ነካካሁት፣ ደጋግሜም አዳመጥኩ። ልክ መሆኑን እርግጠኛ አልነበርኩም፤ አሁን ደግሞ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ሞተሩ ሲረጋ ቀና አልኩ። አባቴ ሣጥኑ ላይ ሆኖ ጥላሸት የለበሰ የፍሬን ክፍል በጨርቅ ይወለውል ነበር።

ሰኞ ጠዋት መኪናዋን ወደ ምርመራ የነዳኋት እኔ ነኝ። አባቴ በቀኜ ተቀምጦ ግራ ጆሮው ወደ እኔ ስለነበር መንገድ ላይ ያልኩትን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ አልኩ። ምርመራውን አለፈች።