በግንባራቸው የተደፉ ስብርባሪዎች

ጋጋሪዋ ሊጥ እያሸች በኩሽናው መስኮት ቀና ስትል ታናሽ ወንድሟ ጓሮዋን በሜትር ሲለካ አየችው። ከኩሽናው በር እስከ ዳቦ ምድጃው ድረስ ሜትሩን ዘረጋ፣ ቁጥሩን መዳፉ ላይ በስክሪብቶ ጻፈ፣ ደግሞ ወደ በሩ ተመልሶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አነጣጠረ። እጇ ሊጡ ውስጥ እንደተቀበረ ቀረ።

«ይኸውልሽ» አለች ለራሷ። «መጣልሽ።»

ወንድምየው አሥራ አንድ ዓመት ደብዛው ጠፍቶ ነበር። እናታቸው ባረፉ በወሩ አልጋውንና ሻንጣውን በጋሪ ጭኖ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ሰላምታ እንኳ አልላከም። ባለፈው ሰኞ ግን አንድ ከባድ ጆንያና የመሣሪያ ሣጥን ተሸክሞ በሩን አንኳኳ። ሙያው ሴራሚክ መለጠፍ ነው፤ የመታጠቢያ ቤት ወለል፣ የኩሽና ግድግዳ።

«እትዬ፣ ምድጃሽን በሞዛይክ፣ በስብርባሪ ሴራሚክ ሥዕል ላስጌጥልሽ መጣሁ» አላት።

«ምድጃ እንዳለኝ ማን ነገረህ?»

«የምሠራበት ቤት ዳቦ አቀረቡልኝ። ከየት ነው ብላቸው ይህን ሰፈር ጠሩልኝ። የማን እጅ እንደሆነማ ቀምሼ አወቅሁት።»

እስቲ ይታያችሁ። አሥራ አንድ ዓመት የጠፋ ሰው ምድጃ ላስጌጥ ብሎ ይመጣል?

ምድጃው የእሷ ነው። ጭቃውን በእግሯ ረግጣ፣ ጭድ ቀላቅላ፣ ከፈረሰ ግንብ የለቀመችውን ጡብ ደርድራ፣ ጉልላቱን በመዳፏ አለስልሳ ነው የሠራችው። ሁለት ጊዜ ተደርምሶባት በሦስተኛው ቆመ። የምትኖረውም ከእሱ በሚወጣው ዳቦ ነው። ቤቱና ጓሮው ግን እስከ ዛሬ በእናታቸው ስም ስለሆነ ወንድምየው ግማሹ ይገባኛል ቢል ማንም አይከለክለውም። ጓሮው ለሁለት ቢከፈል ደግሞ መስመሩ የሚያልፈው በምድጃው አናት ላይ ነው። ይህን በእርምጃዋ ለክታ ታውቀዋለች።

ሌላም ነገር ነበር። እሱ በወጣ ማግስት ቁም ሣጥኑን ስትከፍት የእናታቸው ሳህኖች የሉም። አሥራ ሁለት ነጫጭ ሳህኖች፣ ጠርዛቸው ሰማያዊ፣ ጀርባቸው ላይ አረንጓዴ ኮከብ የታተመባቸው። እናታቸው ግራኝ ስለነበሩ ሳህኖቹን የሚደረድሩት ሁልጊዜ በግራ በኩል ነበር። ያ ቦታ እስከ ዛሬ ባዶውን ነው፤ ምንም አታስቀምጥበትም። ለሰው አልተናገረችም እንጂ በሆዷ «ሌባው» ስትለው ኖራለች።

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ዳቦዋን ልትወስድ መጥታ አጥሩን ተደገፈች።

«እታለም፣ ሰውየው ምን እያደረገ ነው?»

«ምድጃዬን ሊያስጌጥልኝ ነው።»

«በሜትር?»

«ምን ላድርገው? ለካ።»

ልብስ ሰፊዋ ዳቦውን ክንዷ ሥር ሸጎጠች። «እኔ መለካት ሥራዬ ነው። በሕይወቴ ለክቼ ሳልቀድ የተውኩት ነገር የለም።»

«አንቺ ደግሞ ሟርተኛ ነሽ» አለቻት ጋጋሪዋ። ነገሩ ግን ሆዷ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ።

በማግስቱ ወንድምየው ኩሽና ገብቶ ሁለት ጭልፋ ዱቄት ለመናት።

«ለምን?»

«ለሙጫ።»

ሰጠችው። እየቆጠበች ሰጠችው እንጂ ሰጠችው። ዱቄቱን በውኃ አፍልቶ አወፈረና በረንዳው ላይ ባነጠፋቸው ትልልቅ ወረቀቶች ላይ ቀባው። ከዚያ ከጆንያው ስብርባሪ ሴራሚክ እያወጣ፣ በፒንሳ እየቆረጠመ፣ አንድ በአንድ በግንባራቸው እየደፋ ለጠፋቸው። ቀለማቸው ወደ ታች፣ ግራጫው ጀርባቸው ወደ ላይ። ስትጠጋ ሸራ ይጎትትባቸዋል።

«ሰው ጌጥ የሚሠራው ፊቱን ደፍቶ ነው እንዴ?»

«ሲያልቅ ታይዋለሽ። ዘዴው እንዲህ ነው፤ ወረቀቱ ኋላ ተልጦ ይነሣል። ደግሞ እትዬ፣ ከተለጠፈ በኋላ ለአንድ ሳምንት እሳት እንዳታነጂ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ከሞቀ ይሰነጠቃል።»

«ሳምንት ሙሉ? ደንበኞቼስ?»

«ይናፍቁሽ።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። መጀመሪያ ለካ፣ ቀጥሎ ዱቄቴን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ እሳቴን ሊያጠፋ ነው እያለች በልቧ ትደምር ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሲሚንቶ ሊገዛ ወጣ። የእግሩ ኮቴ ከመንገዱ እስኪጠፋ ጠብቃ በረንዳው ላይ ተንበረከከችና ሸራውን ገለጠች። ጀርባ፣ ጀርባ፣ ጀርባ ብቻ። ሸካራ፣ መስመር መስመር ያለው የሴራሚክ ጀርባ። ልትሸፍነው ስትል ግን መሐል ላይ ለስላሳ ነጭ ስብርባሪዎች አየች። አንዱ ላይ የአረንጓዴ ኮከብ ግማሽ አለ። ከአጠገቡ ሙሉ ኮከብ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ።

ኮከቦቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ወንድሟ ሲሚንቶውን ተሸክሞ ሲመለስ እዚያው ተቀምጣ አገኛት።

«የእማዬን ሳህን ሰባብረህ ጭቃ ላይ ልትለጥፍ ነው?»

ሲሚንቶውን ቀስ ብሎ አወረደ። ክፉኛ አቧራ ለብሶ ነበር፤ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ነጥቷል።

«አሁን አይደለም የሰበርኩት» አለ።

«መቼ ነው?»

«በወጣሁ ዕለት። ቤቱን አንቺ ያዝሽው፤ እኔም ቢያንስ ሳህኖቹን ልያዝ ብዬ ሳልነግርሽ ጋሪው ላይ ጫንኳቸው። መታጠፊያው ጋ ጋሪው ተገለበጠ። አንድ እንኳ አልተረፈም እትዬ። መንገድ ላይ ተንበርክኬ ለቀምኳቸው።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌባ ስልህ ኖርኩ።»

«እንደዚያ እንደምትዪኝ አውቅ ነበር። ሰበራቸው ከምትዪ ሰረቃቸው ብትዪ ይሻለኛል አልኩ። ሌባ ከሆንኩ ሳህኖቹ አንድ ቦታ አሉ ብለሽ ታስቢያለሽ።»

ባዶው የቁም ሣጥን ግራ ጎን ትዝ አላት። በእርግጥም እንደዚያ ነበር ስታስብ የኖረችው፤ አንድ ቀን ይመለሳሉ ብላ።

«ጓሮውንስ ለምን ለካኸው?» አለች። ይህን ሳትጠይቅ መነሣት አልቻለችም።

«ኩሽናው በር ላይ ቆመሽ እንድታይው ሥዕሉ ምን ያህል መተለቅ እንዳለበት ላውቅ ነዋ። አንቺ ምን መስሎሽ ነበር?»

«ምንም» አለች።

ከሰዓት በኋላ ምድጃውን ሲሚንቶ ቀቡት። ወረቀቶቹን ተጋግዘው በጉልላቱ ዙሪያ አጣበቁ፤ እሷ ሊጥ እንደምትዳምጥ በመዳፏ እየተጫነች፣ እሱ ጫፉን እያቃና። ሲይዝላቸው እርጥብ ስፖንጅ ሰጣት። ወረቀቱ ራሰ፣ የዱቄቱ ሙጫ ቀለጠ፣ እሱ ከአንድ ጥግ ይዞ ይልጠው ጀመር።

መጀመሪያ ሰማያዊ ጠርዝ ወጣ። የቀሚስ ዘርፍ ነው። ከዚያ ነጭ ቀሚስ፣ ከዚያ ከቡናማ ሴራሚክ የተሠራ ፊት፣ አንዲት ወይዘሮ ወደ እነሱ ዞራ ቆማለች። በቀኝ እጇ ዳቦ ወደ ምድጃ የሚገባበትን ረጅም አካፋ ይዛለች።

ወንድምየው የላጠውን ወረቀት እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«እማዬ ልትሆን ነበር» አለ። «በግራዋ እንድትይዝ አድርጌ ነው የነደፍኳት። ወለል ነዋ የለመድኩት፤ በወረቀት ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው። ሲገለበጥ ግራው ቀኝ እንደሚሆን ረሳሁት። ሲሚንቶው ሳይጠብቅ ላንሣው፣ ነገ እንደገና እሠራዋለሁ።»

ስብርባሪውን ሊፈነቅል ፒንሳውን አነሣ። እሷ እጁን ያዘችው። በቀኝ እጇ ነበር የያዘችው፤ ያ ሁሉ ዓመት አካፋ የገፋ፣ አውራ ጣቱ ሥር የጠነከረ ቀኝ እጅ።

«ተወው» አለች። «ይህቺስ እኔ ነኝ።»

እሱ አላያትም። ፒንሳውን ወደ ሣጥኑ መለሰና የተረፈውን ወረቀት መላጥ ቀጠለ። ጆሮው ግን ቀላ።

ጋጋሪዋ በጎን አየችው። ዕድሜ ልኩን ሴራሚክ የለጠፈ ሰው፣ ሲገለበጥ ግራው ቀኝ እንደሚሆን ይጠፋዋል?

«ሆን ብለህ ነው» አለችው።

«ምኑን?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ።»

«እትዬ፣ አንቺ ሰው አታምኚም።»

«አላምንም።» ስፖንጁን ጨምቃ ባልዲው ውስጥ ጣለች። «እሳት እስክናነድ ሳምንት ነው አይደል ያልከው? እዚሁ ሁነህ ትጠብቀዋለህ። ዕቃህን ቁም ሣጥኑ ውስጥ አድርግ፣ በግራ በኩል ባዶ ነው።»

መሣሪያ ሣጥኑን አንሥቶ ወደ ቤት ሲራመድ ከኋላው ጠራችው።

«ሜትሩን ግን ወዲህ በል። እሱ እኔ ዘንድ ይቀመጥ።»