የድርቤ ድምፅና የጥራት ኮሚቴው

ድርቤ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አሥራ አራት ዓመት ያገለገለች አዋላጅ ነርስ ናት። በነቀምቴና በዙሪያዋ መልኳን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ድምፅዋን የማታውቅ ነፍሰ ጡር ግን የለችም ማለት ይቻላል። ከሦስት ዓመት በፊት በቴሌግራም ቻናል ከፍታ የሁለት የሁለት ደቂቃ ምክር በአፋን ኦሮሞ ትለቅ ጀመር። ስቱዲዮዋ የጤና ጣቢያው መጋዘን ነው። የጓንት ካርቶኖቹ ማሚቶውን ስለሚውጡላት በመካከላቸው ተቀምጣ፣ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትናገራለች።

ምክሩን በአማርኛ የምትደግመው የሺአረግ የምትባል ልብስ ሰፊ ናት። አባቷ በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። የሺአረግ ለደንበኛ ኦሮምኛ፣ ለእናቷ የወሎ አማርኛ፣ ለስፌት መኪናዋ ደግሞ ሁለቱንም ደባልቃ ነው የምታወራው። ድርቤ ያለችውን ሰምታ በእናቷ አነጋገር ትመልሰዋለች፦ “ቀለበትሽ አልወልቅ ካለ፣ ፊትሽ ካበጠ፣ ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ ካለብሽ፣ አብሽሪ የኔ እናት፤ ግን ቁጭ እንዳትይ። ድስቱን ጥደሽው ነይ።”

ሴቶቹም ይመጡ ነበር። እንዲያውም አንዷ ድስቷን እንደጣደችው ትታ መጥታ ማድቤቷ ሊነድ ለጥቂት ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ ድርቤ “እሳቱን አጥፍተሽ” የሚል አስጨመረችበት። የጥራት ቁጥጥር ማለት ያኔ ይኸው ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ሥራዋ የተወደደ ቀን ነው። ጉዳዩ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ኦቦ ገመቺስ ደወለላት። የብዝኃ ቋንቋ ዲጂታል ይዘት ኢንዱስትሪን ለማስፋፋት ፖሊሲ እየተረቀቀ መሆኑን፣ አዲስ አበባ ያሉ አማካሪዎችም የእሷን ቻናል ሰምተው መደነቃቸውን ነገራት።

“አዴ ድርቤ፣ ሞዴል ሆነሻል” አላት።

“የምን ሞዴል?”

“እሱ ገና ይገለጻል።”

ውይይቱ ባኬ ጃማ ሰፈር ባለ ሆቴል አዳራሽ ተደረገ። በየወንበሩ ላይ ሰማንያ ሦስት ገጽ ረቂቅ ተቀምጦ ነበር። ስለ ብዙ ቋንቋዎች ጥቅም የሚያትት ሰነድ ነውና ከሽፋን እስከ ሽፋን በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ከአርጆ የመጣ ቢራቱ የሚባል መምህር እጁን አወጣና ትርጉሙ የት እንዳለ ጠየቀ። ዋናው አማካሪ ዶክተር ባሕሩ ፈገግ አሉ።

“በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ትርጉም በሁለተኛው ምዕራፍ ይካተታል።”

“ታዲያ ዛሬ በምኑ ላይ ነው የምንወያየው?”

“በመንፈሱ ላይ።”

በመንፈሱ ላይ እስከ ምሳ ተወያዩ። ከምሳ በኋላ ድርቤ መድረክ ላይ ወጥታ ሥራዋን አስረዳች፤ ዶክተር ባሕሩም ቆመው አጨበጨቡላት። ቤቱም እሳቸውን አይቶ ቆመ። የዚያን ቀን ደስ ብሏታል፤ አልደበቀችውም። አሥራ አራት ዓመት ስታዋልድ ቆሞ ያጨበጨበላት ሰው አልነበረም።

በወሩ የሙከራ ትግበራው ተጀመረ፤ የይዘት ጥራት ኮሚቴም ተቋቋመ። አባላቱ ሰባት ናቸው። ስድስቱ ወንዶች ሲሆኑ ሰባተኛዋ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ከእንግዲህ ድርቤ የምትለቀው ሁሉ በቅድሚያ በጽሑፍ ቀርቦ፣ ተመርምሮ፣ ማኅተም አርፎበት ይወጣል ተባለ። መጀመሪያ የተመረመረው የቀለበቱ ምክር ነው። በሁለቱም ቋንቋ ታርሞ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። የሺአረግ መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጣ የአማርኛውን ጮክ ብላ አነበበችው፦

“ከእርግዝና ጋር ተያያዥነት ያላቸው የደም ግፊት ቅድመ አመላካች ክስተቶች በሚስተዋሉበት ጊዜ፣ በአቅራቢያ ከሚገኝ ጤና ተቋም ጋር ያለውን የቅብብሎሽ ትስስር መጠቀም ይመከራል።”

አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች።

“ቀለበቷስ?” አለች።

“ቀለበት ሳይንሳዊ አይደለም ብለው አወጡት” አለች ድርቤ።

“አብሽሪስ?”

“እሱ ደግሞ የአካባቢ ቃል ነው ተባለ።”

“እኔስ የአካባቢ ሰው አይደለሁ?” አለች የሺአረግ። ግን አነበበችው። ድርቤም የኦሮምኛውን አነበበች፤ ሁለት ቃላት መዝገበ ቃላት አስገልብጠዋታል። በዚያው ቀን የድሮው ወረደና አዲሱ ተለቀቀ። ኮሚቴው ለዚህ ውጤት ራሱን በቃለ ጉባኤ አመሰገነ።

ስድስት ሳምንት እንዳለፈ፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ አዴ ሊሊሴ የሚባሉ ሴት ምራታቸውን ሐዊን በባጃጅ ደግፈው አመጡ። ከአርጆ መንገድ ዳር ካለ መንደር ነው የመጡት። የሐዊ ፊት አብጦ ዓይኗ ጠቧል። የጣት ቀለበቷ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ የሚታየው ጫፉ ብቻ ነበር። ድርቤ ግፊቷን ለክታ ሳትጨርስ ልጅቷ ሰውነቷ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ድርቤ ማስታገሻ መርፌ ወጋቻት፤ መንቀጥቀጡ በረድ እንዳለ አብራት አምቡላንስ ውስጥ ገብታ ወደ ሆስፒታል ይዛት ሄደች። ሐዊ በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሁለቱም ተረፉ። ሐኪሙ ግን፣ “ሁለት ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ…” ብሎ ቀሪውን አልተናገረውም።

ድርቤ ኮሪደሩ ላይ ከአዴ ሊሊሴ ጎን ተቀመጠች።

“ሃርሜ፣ እናቴ” አለቻቸው በኦሮምኛ፣ “ፊቷ ሲያብጥ ስንት ቀን ሆነው?”

“አምስት ቀን።”

“ቻናሉን አትሰሙም?”

“እንዴት አንሰማም፣ ድሮ አንቺ ስትናገሪ እሰማ ነበር። አሁን ግን ዜና መሆን ጀመረ። ድምፅሽን የሰረቀ ሰው ያለ ነው የመሰለኝ፤ ጀመር ሲያደርግ አጠፋዋለሁ።”

ድርቤ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ እንዳለች ስልኳን አወጣች፣ የኮሚቴውን ሁለት ደቂቃ አጠፋች፣ የድሮውን በሁለቱም ቋንቋ መልሳ ለቀቀች። ይህን ስታደርግ ማንንም አላስፈቀደችም። ፈርታ ነበር፤ የበለጠ ያሳፈራት ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ መፍራቷ ነው።

ሰኞ ኦቦ ገመቺስ ቢሮው አስጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሻይ አዘዘላት።

“ያለ ማኅተም ለቀሻል” አላት።

“ለቅቄያለሁ።”

“ምክንያት?”

ስለ ሐዊ ነገረችው። ስለ ቀለበቱ፣ ስለ አምስቱ ቀን፣ ስለ ዜናው፣ አንድም ሳታስቀር። ገመቺስም፦

“እኔ እኮ ገብቶኛል፣ አዴ ድርቤ። ግን ገባኝ የሚባልበት ቅጽ የለም። ያለው የማስጠንቀቂያ ቅጽ ነው።”

“እሱን ሙላው እንግዲህ። እኔ አላወርደውም።”

“እኔም አውርጂው አላልኩም። ስልክሽ ውስጥ ምን እንዳለ አላየሁም፤ ኢንተርኔታችንም ከሄደ አራት ቀኑ ነው።”

ማስጠንቀቂያው ረቡዕ ደረሳት። “ከተፈቀደ የይዘት አሠራር ውጪ” መንቀሳቀሷን ይገልጻል፤ ከደገመችው ከሞዴልነት እንደምትሰረዝ ያስጠነቅቃል። ድርቤ በዚያ ሳምንት ሌሎች አምስት ያለ ማኅተም ለቀቀች። የሺአረግም የቀረባትን አብሽሪ ሁሉ መለሰችው፤ በአንዱ ምክር ውስጥ አራቴ ነው ያለችው።

የሙከራው መዝጊያ ጉባኤ ላይ ድርቤ አልተጠራችም፤ መምህር ቢራቱ ነው ያየውን የነገራት። ዶክተር ባሕሩ የሙከራው ውጤት ከተጠበቀው በላይ መሆኑን በስክሪን አሳይተዋል። አድማጭ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢያሽቆለቁልም በመጨረሻው ወር በሦስት እጥፍ አድጓል፤ ይህም ኮሚቴው የዘረጋው የጥራት ሥርዓት ፍሬ ማፍራቱን ያመለክታል። ቢራቱ እጁን አውጥቶ፣ በመጨረሻው ወር የተለቀቁት ኮሚቴው ያላያቸው እንደሆኑ ተናገረ።

“በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው” አሉ ዶክተር ባሕሩ። ሰባት አባላት የነበሩት ኮሚቴ ወደ አሥራ አንድ እንዲያድግ ተወሰነ። ለድርቤም “ለሥርዓቱ መሳካት ላበረከተችው አስተዋፅኦ” የምስክር ወረቀት ተላከላት። ፊርማው የኦቦ ገመቺስ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ላይ ያለውም ያው ፊርማ ነው። ሁለቱንም ሶፋዋ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ አየቻቸውና የምስክር ወረቀቱ ወረቀት ወፈር እንደሚል አስተዋለች።

ሐዊ ልጇን ልታስከትብ የመጣች ቀን አዴ ሊሊሴም አብረው መጥተው ነበር። የምራታቸው ፊት ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ሕፃኗም ሰው ሁሉ የሚፈልጋት ይመስል በተቀበላት ሁሉ ክንድ ላይ ትተኛለች። አዴ ሊሊሴ ግን ጉዳይ ነበራቸው።

“አንቺ ሁልጊዜ ለልጆቹ ነው የምትነግሪው” አሏት ድርቤን። “ሂጂ፣ ቁጭ አትበይ ትያታለሽ። ቤት ውስጥ ግን ሂጂ የሚላት ማን ነው? እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ‘እኛም አብጠን ወልደናል’ አልኳት። አምስት ቀን ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።”

ድርቤ ይህን ከአንድም አማት አፍ ሰምታ አታውቅም። የሺአረግን አስጠራቻት፤ ሦስቱ ወደ መጋዘኑ ገቡ። አዴ ሊሊሴን ትልቁ ካርቶን ላይ አስቀመጧቸው። ስልኩን አፋቸው አጠገብ ሲይዙላቸው ሴትየዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠሩ ሆነው በኦሮምኛ ጀመሩ፦

“እናንተ አማቶች፣ ስሙኝ! እኔ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ።”

የሺአረግ እርሳሷን አወጣችና የጓንት ካርቶን ጀርባ ላይ በአማርኛ መጻፍ ጀመረች።