ባሌን የዘለለው ሥዕል

ባሌ ባልዳሳሬ በገበያ መሃል ስለ ዱቄት ቀረጥ ክፉ ተናግረሃል ተብሎ፣ በኢጣሊያ ፖ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማችን ወህኒ ወረደ። ምግብ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን የባቄላ ሾርባውን በፍርግርጉ ሳቀብለው፣ የመስፍኑ ቴአትር ቤት ሠዓሊ ማስትሮ ጋሌያሶ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲሥል አየሁት። ጉዳችንን አይቶ ለመስፍኑ ሊነግርልን ነው ብዬ ተስፋ አደረግሁ። እንባዬንም አልደበቅሁትም።

ከዐቢይ ጾም በፊት ለሚታየው ጨዋታ የመድረክ ሸራ እንድሰፋ ቴአትር ቤቱ ቀጠረኝ። ሠዓሊው ክፍል ስገባ ያ ሥዕል ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ለካ የጨዋታው መድረክ ንድፍ ኖሯል። በውሃ ቀለም ነው የተሠራው። ከላይ ካለች መስኮት ቡናማ ብርሃን ይወርዳል፤ ዓምዶቹ ሰማያዊ ጥላ ውስጥ ይጠፋሉ፤ ከታች አውራ ጣት የምታህል ሴት ተንበርክካለች። የትከሻ ልብሷ ላይ የተጣፈው ጨርቅ የኔው ነው። ከፍርግርጉ ኋላ ግን ማንም የለም።

ሊጎበኙ የመጡ ወይዛዝርት ከፊቱ ቆመው አደነቁ። አንዷማ ጨለማው ልብ ያሳርፋል አለች። ደሜ ፈላ። እስኪወጡ ጠበቅሁ።

«ማስትሮ፣ ባሌስ የት አለ?»

ቀና ብሎም አላየኝ። የባልሽ ፊት የዓምዱን መስመር አበላሸብኝ አለ።

«እኔንስ ታዲያ ለምን ሣሉኝ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ አንቺ ከሌለሽ የጣሪያው ከፍታ በምን ይታወቃል?»

ያን ሁሉ ያለቀስኩት ለጣሪያ መለኪያ ኖሯል።

«ወይ እሱን ያስገቡት፣ ወይ እኔን ያውጡኝ» አልኩት።

ሳቀብኝ። ከቀለም ሳህኑ ላይ እርጥቡን ስፖንጅ አነሳሁና ራሴን ከሥዕሉ ላይ ጠራርጌ አጠፋሁ። ቡናማ እድፍ ብቻ ቀረ። ክንዴን ይዞ ራሱ ወደ ደጅ አወጣኝ፤ የስፌቱም ሥራ በዚያው ቀረብኝ።

ጨዋታው ግን አልቀረም። እኔ በነበርኩበት ቦታ አንዲት ጨፋሪ አንበርክከው አሳዩ፤ መኳንንቱም ቆመው አጨበጨቡ አሉ።

ባልዳሳሬ ከፋሲካ በኋላ ተፈታ፤ ከስቶ፣ ክፉ ሳል ይዞት። ከሥዕሉ መቅረቱን ስነግረው፣ ከወህኒው ግድግዳ የሚንጠባጠበውን ውሃ ሥሎታል ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

«አልሣለውም» አልኩት። «ሁሉንም ደረቅ አድርጎታል።»