ሁለት መቶ ሁለት

ዶርሳፍ የሌላ ደንበኛ ወረቀት አትማ ስትመለስ የኢንተርኔት ቤቷ ሦስት ኮምፒውተሮች ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ሁሉም አንድ ቁልፍ እየደጋገመ ይቀጠቅጣል። ዓሣ አጥማጁ ሞንጂ ወዳጆቹን ከጋቤስ ከተማ ዓሣ ገበያ ጠርቶ አምጥቷቸዋል።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"እያገዙኝ ነዋ፣ ልጄ! የመሥሪያ ቤት መስኮት ካልደበደብሽ ማን ያይሻል?"

የሆስፒታሉ የኢንተርኔት ምዝገባ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አሁን አምስት ከአርባ ሆኗል። ሞንጂ የሚለምነው መስማት ለተሳናት ልጁ ለዮስር፣ በቀዶ ሕክምና ጆሮዋ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ነው። የሚሰጠው አምስት ዓመት ላልሞላቸው ብቻ ነው። ዮስር በሚቀጥለው ወር አምስት ትደፍናለች። ከዚያ በፊት ሌላ ዙር የለም።

ቅድም ስክሪኑ ላይ 503 ሲወጣ ዶርሳፍ ነግራው ነበር። "404 ቢሆን ቤቱ የለም ማለት ነው፣ ያልቅሱ እልዎት ነበር። 503 ግን ቤቱ አለ፣ ባለቤቱ ሥራ በዝቶበታል። ይጠብቁ።" እሱ ከዚህ ሁሉ የሰማው "አለ" የምትለዋን ብቻ ነው።

አሁን 429 ይላል። ከሥሩ፦ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ይሞክሩ።

"ይሄኛውስ ምንድነው?"

"አብዝታችሁ አንኳኳችሁ፣ ሂዱልኝ ነው የሚለው። ሁላችሁም በአንድ መስመር ነው የምትገቡት፤ ለእነሱ አንድ ሰው ናችሁ። አንድ እብድ። እጅ ወደ ላይ!"

ሸድሊ የሚባለው እንደ ምርኮኛ እጁን አነሳ። "እኔ ሁለቴ ብቻ ነው የነካሁት።"

"አርባ ጊዜ ነው። ከወንበሩ ይነሱልኝ።"

"በስልክ ብንሞክርስ?" አለ ሞንጂ።

"ቅጹን ለመሙላት አንድ ሰዓት ፈጅቶብናል። ወረቀቶቹም የተጫኑት እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ በስልክ ከሆነ እንደ አዲስ መጀመር ነው።"

"እሺ አንዴ ብቻ..."

"አንዴ ከነኩት ቆጠራው እንደገና ከአሥራ አምስት ይጀምራል፣ አጎቴ።"

ሞንጂ እጆቹን ጭኑ ሥር ከትቶ ተቀመጠባቸው። አምስት ከሃምሳ። አምስት ከሃምሳ አራት። ላብ ከአገጩ ይንጠባጠባል፣ መጥረጊያ እጅ የለውም። ዶርሳፍ ደቂቃውን ተሳስቼ ቆጥሬ ቢሆንስ ብላ ሰዓቱን ደግማ አየች። ብትቸኩል ያቺን ልጅ ድምፅ የነሳቻት እሷ ናት፤ ብትዘገይም እሷው።

አምስት ከሃምሳ ሰባት ላይ ቁልፉን አንድ ጊዜ ተጫነች።

ገጹ ነጣ። እንደነጣ ቆየ። ከዚያ፦ 202፤ ጥያቄዎን ተቀብለናል።

"ተቀበሉን!" ሞንጂ ሸድሊን አንገቱን አንቆ ሳመውና ለሚስቱ ሊደውል ስልኩን አወጣ።

ዶርሳፍ ቁጥሩ ላይ አፈጠጠች። 201 ቢሆን ተመዝግቧል ማለት ነበር። 202 ግን ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ደርሷል፣ ገና ማንም አልነካውም ማለት ነው።

"አይደውሉ፣ አጎቴ።"

"ለምን?"

ነገረችው።

"መቼ ያዩታል?"

"አልጻፉም።"

"ሳያዩት ሊቀርስ ይችላል?"

"ይችላል።"

ጣቱ እንደገና ወደ ኮምፒውተሩ ቁልፍ ሄደ። ዶርሳፍ እጁን ያዘችው። ስልኩ ግን ቅድም ተደውሎ ኖሮ፣ ከውስጡ የሚስቱ ድምፅ ይመጣል፦ "ሞንጂ? ምን አሉህ? ሞንጂ?"

ስልኩን ለዶርሳፍ ዘረጋላት። "አንቺ ንገሪያት።"